ትንሿን ቁጥር እዩ፦ ስለ ኤስኤስዲ የመጡ ጥያቄዎች

ሰላም ናችሁ? በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች ከፍኖተ ሰላም፣ ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ፣ ከቡሬና ከዳንግላ ናቸው። ሁሉም ስለ ኤስኤስዲ፣ ማለትም በሃርድ ዲስክ ፋንታ ስለሚገባው፣ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው የመረጃ ማስቀመጫ ነው የሚጠይቁት። ገሚሶቻችሁ ገዝታችሁ ፍጥነቱ እንዳሰባችሁት አልሆነላችሁም። ገሚሶቻችሁ ገና ብር እያጠራቀማችሁ ነው። አንድ ኤስኤስዲ ለብዙዎቻችን ቀላል ወጪ አይደለም። ስለዚህ ቁጥሮቹን ረጋ ብለን እንያቸው።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም፣ መምህር)፦ የቆየ ላፕቶፔ ላይ ኤስኤስዲ አስገጠምሁ። ካርቶኑ «በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት» ይላል። ክሪስታልዲስክማርክ በሚባለው መፈተሻ ስለካው የላይኛው መስመር 540 አለ፤ የታችኛው ግን 30 ብቻ። ተታለልሁ ማለት ነው?

መልስ፦ አልተታለሉም መምህር። ጥሩ ዕቃ ነው የገዙት።

የላይኛው መስመር የሚለካው አንድ ትልቅ ፋይል ከዳር እስከ ዳር ተከታትሎ ሲነበብ ያለውን ፍጥነት ነው። የታችኛው ደግሞ 4 ኪሎባይት የሚያህሉ ቁርጥራጮች ከዚህም ከዚያም እየተፈለጉ፣ አንድ በአንድ ሲነበቡ ያለውን ይለካል። በደጀን በኩል አዲስ አበባ የሄደ ሰው ልዩነቱን ለመረዳት አይቸገርም። ከደብረ ማርቆስ እስከ ደጀን መኪናው ሜዳውን ይበርራል። አባይ በረሃ ሲገባ ግን ያው መኪና፣ ያው ሹፌር፣ መጠምዘዣው ላይ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ሞተሩ አልደከመም። መንገዱ ተቀየረ እንጂ።

ኮምፒውተራችን ደግሞ ውሎው አብዛኛውን ጊዜ በረሃው ውስጥ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ፣ ወርድ ሲከፈት፣ ብሮውዘር ሲጀምር የሚነበቡት በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ቁርጥራጮች ናቸው። እርስዎ ያገኙት 30 ሜጋባይት በሰከንድ ከ7000 በላይ ቁርጥራጭ ማለት ነው። አሁን ይህን ከድሮው ሃርድ ዲስክ ጋር ያስተያዩት። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህንና እየተመላለሰ የሚያነብ ክንድ አለው። ሳህኑ በአብዛኞቹ ላይ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል። ክንዱ ቦታውን እስኪያገኝ፣ ሳህኑም ዞሮ እስኪደርስለት ከ10 ሚሊ ሰከንድ በላይ ያልፋል። በሰከንድ መቶ ቁርጥራጭ እንኳ አይሞላም። የድሮው ዲስክዎ በዚህ መስመር ቢለካ 1 ሜጋባይት ባልደረሰ ነበር። ላፕቶፕዎ እንደ አዲስ የቀለጠፈው በዚህች በናቋት ቁጥር ምክንያት ነው።

እኔ ኤስኤስዲ ሳወዳድር ቀድሜ የማየው እሷን ነው። መፈተሻው ላይ «አርኤንዲ 4ኬ ኪው1ቲ1» የምትለዋ መስመር ናት። ካርቶን ላይ አትጻፍም። ሱቁ ውስጥ አስለክታችሁ ወይም ያንኑ ሞዴል የገዛ ሰው ጠይቃችሁ ነው የምታገኟት።

አንድ ነገር ልጨምር። የላይኛው መስመር 270 አካባቢ ላይ የቆመባችሁ ሌሎችም ጽፋችሁልኛል። ሳታ ዲስክን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ የመሰኪያ ዓይነት ነው፤ ይህ የሚሆነው የላፕቶፑ መሰኪያ የቆየው ሳታ 2 ሲሆን ነው። መሰኪያው ራሱ ከዚያ በላይ አያሳልፍም፤ ሌላ ኤስኤስዲ ቢገባም ያው ነው። ዕቃውን ለመመለስ አትሩጡ፤ ትንሿ ቁጥር በዚህ ብዙም አትጎዳም። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ ግን «ኤኤችሲአይ» የሚባለው የዲስክ አሠራር መመረጡን አረጋግጡ። «አይዲኢ» በሚባለው የቆየ አሠራር ላይ ከተቀመጠ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ይህን ማስተካከል ያለባችሁ ዊንዶውስ ከመጫናችሁ በፊት ነው። ከተጫነ በኋላ ዝም ብላችሁ ብትቀይሩት ኮምፒውተሩ አልነሳም ሊል ይችላል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር፣ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር)፦ ኤንቪኤምኢ (ከሳታ የሚፈጥነው ዓይነት) ኤስኤስዲ ገዛሁ። ከሌላ ኤስኤስዲ ወደ እሱ ትልቅ ፋይል ስገለብጥ መጀመሪያ በሰከንድ ከ1500 ሜጋባይት በላይ ይሄዳል። ትንሽ ቆይቶ ወደ 100 ይወርዳል። ስለካው ግን ቁጥሩ ሁሉ ቆንጆ ነው። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ በማንሳትህ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ባለስቱዲዮዎች በዚህ ይከስራሉ።

ወፍጮ ቤት አስብ። በረንዳው ባዶ ሲሆን የመጣው ጆንያ ሁሉ ወዲያው ከአህያው ይራገፋል። በረንዳው ሲሞላ ግን አንዱ ተፈጭቶ ካልወጣ ሌላው አይራገፍም። ኤስኤስዲህም እንዲሁ ነው። በእያንዳንዱ የማስታወሻ ሕዋስ ውስጥ 3 ቢት የሚያስቀምጠው ቲኤልሲ ይባላል፤ 4 ቢት የሚያጭቀው ኪውኤልሲ። ብዙ ቢት በአንድ ሕዋስ ማስቀመጥ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ለመጣው ዕቃ በጊዜያዊነት የሚሆን በረንዳ አለው፤ እዚያ በየሕዋሱ 1 ቢት ብቻ ቶሎ ቶሎ ይጥላል። ሥራ ሲቀልለት ወደ ውስጥ ያስገባዋል። በረንዳው ሲሞላ ትክክለኛው ፍጥነቱ ይወጣል። በርካሽ ኪውኤልሲ ላይ ይህ ከሃርድ ዲስክ እኩል፣ አንዳንዴም በታች ሊሆን ይችላል።

መፈተሻው ይህን ያላሳየህ ሲጫን የሚመጣው የፈተና መጠን 1 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ ነው። 1 ጊጋባይት በረንዳውን አይሞላም። አንተን የሚጠቅምህ ፈተና የራስህ ሥራ ነው፦ 100 ጊጋባይት ገደማ የሚሆን የሰርግ ቪዲዮ ከሌላ ፈጣን ዲስክ ገልብጥና የዊንዶውሱ ታስክ ማኔጀር ላይ የዲስኩን ፍጥነት መስመር ተከታተል። በስንተኛው ጊጋባይት ወረደ? ከወረደስ በኋላ ስንት ላይ ቆመ? እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጻፋቸው።

ሌላው ተጠርጣሪ ሙቀት ነው። ኤንቪኤምኢ በጣም ሲሞቅ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለው ፕሮግራም ሙቀቱን ያሳይሃል። እየገለበጥህ ሳለ 80 ዲግሪ አካባቢ ከደረሰ ማቀዝቀዣ ብረት ለጥፍበት። 50 ላይ ሆኖ ከወረደ ግን ጉዳዩ በረንዳው ነው። ዲስኩን አፍ እስከ አፉ አትሙላው፤ በብዙዎቹ ላይ ቦታው ሲጠብ በረንዳውም አብሮ ይጠባል። ከአምስት እጁ አንዱን ባዶ ብትተው ጥሩ ነው።

ለሥራህ ግልጽ ምክሬን ልስጥህ፦ ቲኤልሲ የሆነ፣ የራሱ ዲራም (መረጃው የት እንዳለ የሚመዘግብበት ፈጣን ማስታወሻ) ያለው ግዛ። መጠኑ ቢያንስም ግዛው። ሰርግ ተደግሶ አይደገምም፤ ሥራህ አስተማማኝ ዕቃ ይፈልጋል።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ ሳታ ልግዛ ወይስ ኤንቪኤምኢ? የምሠራው ጽሑፍ፣ ኢንተርኔትና ፊልም ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ለዚህ ሥራ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅሽም። ፒሲአይኢ 3 በሚባለው መስመር ላይ የሚሠራ ኤንቪኤምኢ በሰከንድ 3500 ሜጋባይት ያህል ያነባል፤ ሳታ 550። በወረቀት ላይ ስድስት እጥፍ ነው። ዊንዶውስ ግን በስድስት እጥፍ ፈጥኖ አይነሳም። ቢፈጥን በጥቂት ሰከንድ ነው።

ከመግዛትሽ በፊት ላፕቶፕሽ የሚቀበለውን እወቂ። ኤም ዶት ቱ የሚባለው ቀጭን ዱላ የሚመስለው ኤስኤስዲ ሳታም ኤንቪኤምኢም ሊሆን ይችላል። ቅርጻቸው ይመሳሰላል፤ መሰኪያው የማይደግፈው ከሆነ ግን ኮምፒውተሩ ጨርሶ አያየውም። የላፕቶፕሽን ሞዴል ቁጥር ይዘሽ ሂጂ። ከተረፈሽ ብር ራም ጨምሪበት። 4 ጊጋ ራም ይዞ የሚንቀራፈፍ ላፕቶፕ ኤስኤስዲ ብቻውን አያድነውም።

ጥያቄ (ከሞጣ፣ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው እናት)፦ እኛ ዘንድ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። ኤስኤስዲ ከሃርድ ዲስክ ይልቅ በዚህ ይጎዳል ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ ሁለቱም ይጎዳሉ፤ አጎዳዳቸው ነው የሚለየው። ኤስኤስዲ የትኛው መረጃ የት እንደተቀመጠ የሚመዘግብበት ካርታ አለው። ካርታውን እያደሰ ሳለ መብራት ድንገት ቢሄድ የተጻፈው ሊጠፋ፣ ካርታውም ሊዛባ ይችላል። ለትልልቅ ሰርቨሮች የሚሠሩት ኤስኤስዲዎች ለዚች ቅጽበት የሚሆን ኃይል የሚይዙ ካፓሲተሮች አሏቸው። የቤት ዕቃዎቹ ላይ ይህ በአብዛኛው የለም።

ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ብዙ ጊዜ ያንኳኳል፣ ይጮኻል። ኤስኤስዲ ግን ድምፅ የለውም። ትናንት ደህና የነበረው ዛሬ ላይነሳ ይችላል። የጠፋ ፋይል መልሶ ማውጣትም ከሃርድ ዲስክ ይልቅ ይከብዳል። ስለዚህ ዴስክቶፕ ከሆነ ባትሪው ደህና የሆነ ዩፒኤስ ይኑርዎ። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ላይ ሥራ አይቀጥሉ፤ አስቀምጠው በሥርዓት ያጥፉት። ላፕቶፕ ከሆነና ባትሪው ከያዘ ያን ያህል አያስጋም። የደንበኞችዎን ሰነድ ደግሞ ማታ ማታ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። ይህን ከልቤ ነው የምለምንዎ።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ 16 ቴራባይት ውጫዊ ኤስኤስዲ በጣም በርካሽ እየተሸጠ ነው። ልግዛው?

መልስ፦ አትግዛው። ፎርጅድ ነው። እኔ ራሴ በዚህ ተቃጥያለሁ። ከአንድ ሱቅ 2 ቴራባይት የተባለ ገዛሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ስሰካው 2 ቴራባይት ብሎ አሳየኝ። የቤተሰቤን ፎቶ ሁሉ አስገባሁበት፤ የእናቴ የተዝካር ፎቶ ሳይቀር። ከወር በኋላ ስከፍተው የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ይከፈታሉ፤ የተቀሩት ስማቸው ብቻ ነው የቀረው። ሣጥኑን ፈልቅቄ ሳየው ውስጡ አንዲት የስልክ ሚሞሪ ካርድ ተሰክታለች፤ 64 ጊጋ። መጠኑ የተጭበረበረ ዕቃ የሞላ መስሎ አይታይም፤ ዝም ብሎ ይቀበልና የሚይዝበት ሲያጣ ይጥለዋል። አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ፈተናው ቀላል ነው። ኤች2ቴስትደብሊው የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ዲስኩ ባዶ ሳለ ጠቅላላውን በሙከራ ፋይል ይሞላውና መልሶ ያነበዋል። ያነበበው ከጻፈው ጋር ካልገጠመ ቁርጡን ይነግርሃል። ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ፎቶህን ከማስገባትህ በፊት ግን አድርገው።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ያገለገለ ኤስኤስዲ በጥሩ ዋጋ አገኘሁ። ምኑን ልየው?

መልስ፦ ክሪስታልዲስክኢንፎ ላይ ሦስት ነገር እይ፦ የጤንነቱን መቶኛ፣ እስካሁን ጠቅላላ የተጻፈበትን መጠን፣ የሠራበትን ሰዓት። የተጻፈበትን መጠን አምራቹ ዋስትና ከሰጠበት መጠን ጋር አስተያየው። ለምሳሌ 500 ጊጋባይቱ ሳምሰንግ 870 ኢቮ ዋስትናው 5 ዓመት ወይም 300 ቴራባይት እስኪጻፍበት ነው። በቀን 20 ጊጋባይት የሚጽፍ ሰው 300 ቴራባይት ለመሙላት 40 ዓመት ያስፈልገዋል። ስለዚህ 30 ቴራባይት ብቻ የተጻፈበት አሮጌ ዕቃ ብታገኝ አትፍራው። «ጥንቃቄ» የሚል ቢጫ ምልክት ካየህ ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተወው።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም፣ ያው መምህር)፦ 500 ጊጋ ነው ተብዬ የገዛሁት ኮምፒውተሩ ላይ 465 ይላል። ይህስ?

መልስ፦ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። አምራቹ በ1000 እያበዛ ይቆጥራል፤ ዊንዶውስ በ1024። 256 የተባለው 238 ይላል፤ 1 ቴራባይት የተባለው 931። ከእነዚህ ቁጥሮች እጅግ የራቀ ካዩ ግን መጀመሪያ ዲስኩ በሁለት ተከፍሎ እንደሆነ ያረጋግጡ። ካልተከፈለ ደረሰኝዎን ይዘው ወደ ሻጩ ይመለሱ።