«ከሰኞ ጀምሮ ምክትሏ አንቺ ነሽ»

ጥያቄ፦

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሒሳብ መምህርት ነኝ። ማስተማር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ሌላ ነገር ተመኝቼም አላውቅም። ባለፈው ወር፣ አርብ ዕለት፣ የመጨረሻው ደውል እንደተደወለ ርዕሰ መምህሩ ቢሯቸው ጠሩኝ። ምክትላቸው በድንገት ሥራ ለቀዋል። «ሌላ ሰው እስኪመደብ ከሰኞ ጀምሮ ምክትሏ አንቺ ነሽ» አሉኝ። እሺም እምቢም ሳልል ወጣሁ። ሰኞ ጠዋት ስደርስ ስሜ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነኝ። በሳምንት 20 ክፍለ ጊዜ አስተምራለሁ፤ አንድም አልተቀነሰልኝም። በትርፍ ሰዓቴ የቀሩ መምህራንን ክፍል የሚሸፍን ሰው ስለምን እውላለሁ። የተጣሉ ተማሪዎች አስታርቃለሁ፣ ወላጅ አነጋግራለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ፈተና ላርም ስቀመጥ እንቅልፍ ይጥለኛል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ስታፍ ስገባ ወሬው ይቆማል። አብሬያቸው ስስቅ የነበርኩ ሰዎች ወደ ወረቀታቸው ያቀረቅራሉ። የቅርብ ጓደኛዬ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ 15 ደቂቃ ታረፍዳለች። ድሮም ታረፍድ ነበር። እንዲያውም እስክትደርስ ልጆቿን ዝም የማሰኝላት እኔ ነበርኩ። አሁን ርዕሰ መምህሩ «ጓደኛሽን አናግሪያት እንጂ» ይሉኛል። ምን ብዬ? የአመራር ስልጠና የሚባል ነገር አልወሰድኩም። ልተወው ወይስ ልቀጥል? እባክዎ ይምከሩኝ።

የጨነቃት መምህርት

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ያ የአርብ ከሰዓት ቢሮ እኔንም አንድ ቀን ጠርቶኛል።

ባዮሎጂ ሳስተምር 9 ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ርዕሰ መምህራችን በሴሚስተሩ አጋማሽ ላይ ታመሙና ተጠባባቂ ተደረግኩ። ርክክቡ 10 ደቂቃ አልፈጀም። አንድ ማኅተም፣ ጥቂት ፋይል፣ በሽቦ የታሰሩ ቁልፎች። ቆጠርኳቸው፤ 34 ናቸው። አንዱም ላይ ምልክት የለም።

በማግስቱ ከሰዓት ከጥበቃ ሠራተኛው ጋር በር በበር ዞርን። በዕድሜ የገፉ፣ ግቢውን ከሁላችንም በላይ የሚያውቁ ሰው ናቸው። እሳቸው ቁልፍ ይሞክራሉ፤ ሲገጥም እኔ ነጭ ፕላስተር ጠቅልዬ የክፍሉን ቁጥር እጽፍበታለሁ። ሰባቱ የትም አልገጠሙም። የሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት ጋ ስንደርስ ራቅ ብለው ቆሙ። «ይሄ እንኳን ቁልፍ አይፈልግም፤ ከውስጥም አይዘጋም» አሉኝ። ገብቼ አየሁት። አራቱም በሮች ላይ መቀርቀሪያው ወልቋል፤ የቀረው የምስማሩ ቀዳዳ ብቻ ነው። ሴቶቹ ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው ይመጣሉ፤ አንዷ ስትገባ ሌላዋ በሩን ይዛ ትቆማለች። ስለዚህ ወረፋው አያልቅም፤ ደውል ይደወልባቸዋል።

ዘጠኝ ዓመት እዚያ ግቢ ውስጥ ስውል ይህን አላወቅኩም። ከዕረፍት አርፍደው የመጡ ሴት ልጆችን በር ላይ አቁሜ የተቆጣኋቸው ቀናት አንድ በአንድ ትዝ አሉኝ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

አራት መቀርቀሪያ ተገዝቶ በዚያው ሳምንት ተገጠመ። የመጀመሪያ ውሳኔዬ ይኼ ነበር። ስብሰባ አልጠራሁም፣ ዕቅድም አላወጣሁም። ግን በሁለተኛው ሳምንት አንዲት የስፖርት መምህርት ስታፍ ውስጥ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና «ልጆቹ ነገሩኝ» አለችኝ። ከዚያ በፊት አጠገቤ የሚቀመጥ አልነበረም።

ይህን የምነግርሽ ለምን መሰለሽ? አሁን አንቺን ያስጨነቀሽ እንዴት አለቃ መምሰል እንዳለብሽ ነው። እሱን ተዪው። ክፍል ውስጥ ሆነሽ የማይታይሽን ነገር አሁን ማየት ትችያለሽ። ከጥበቃው፣ ከጽዳት ሠራተኞቹ፣ ከላይብረሪው ሰው ጋር ግማሽ ግማሽ ቀን ዙሪ። ከዚያ አንድ ነገር ምረጪና ጨርሺ።

ወደ ጓደኛሽ ልምጣ። እዚህ ላይ እኔ ተሳስቻለሁ። የእኔም የቅርብ ጓደኛ ታረፍድ ነበር። ለብቻዋ መንገሩ ከበደኝና ስብሰባ ላይ «አንዳንድ መምህራን ሰዓት አያከብሩም» ብዬ በደፈናው ተናገርኩ። ሁሉም ዞሮ እሷን አያት። አንገቷን ደፋች። በሰዓታቸው የሚመጡትም ቅር አላቸው፤ «እኛንም ጨምራ ሰደበችን» ተባልኩ። ጓደኛዬ አንድ ሴሚስተር ሙሉ አላናገረችኝም። ልክ ነበረች።

አንቺ እንዲህ አድርጊ። ለብቻዋ፣ ከሥራ በኋላ፣ ተቀምጣችሁ አናግሪያት። ጠዋት በር ላይ ጠብቀሽ አይሁን፤ ተማሪ ፊት ሰው አይወቀስም። ርዕሰ መምህሩ ልከውኝ ነው አትበያት፤ ከራስሽ ይምጣ። ደግሞ ነገሩን በቁጥር አስቀምጪላት፤ የሒሳብ ሰው ነሽ። በሳምንት ሁለት ቀን 15 ደቂቃ ማለት 30 ደቂቃ ነው። 12 ሳምንት በሚቆይ የትምህርት ወቅት 360 ደቂቃ ይሆናል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ከሆነ፣ እነዚያ ልጆች ዘጠኝ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አጡ ማለት ነው። «ሰነፍ ሆንሽ» ከምትያት ይኼ ይሻላል፤ ልጆቹን የምትወድ ከሆነ ይገባታል።

ከዚያ ዝም በይና ምክንያቷን ስሚ። ምናልባት በእነዚያ ሁለት ቀናት ልጅ የምታደርሰው እሷ ትሆናለች። ምናልባት የታመመ ሰው አላት። ምክንያቱ እንዲህ ከሆነ የክፍለ ጊዜ ድልድሉ በእጅሽ ነው። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ከሌላ መምህር ጋር ማለዋወጥ ትችያለሽ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ በጓዳ አታድርጊው። በሚቀጥለው ስብሰባ «የጠዋት ችግር ያለበት መምህር ካለ ይንገረኝ፣ እስከ ተቻለ እናቀያይራለን» ብለሽ ለሁሉም ክፈቺው። ለጓደኛሽ ብቻ ከተደረገ በሳምንቱ ግቢው ሁሉ ያወራዋል፤ እውነትም አድልዎ ነው። ምክንያት ከሌላት ወይም ክፍለ ጊዜው ከተቀየረላትም በኋላ ካረፈደች፣ እንደማንኛውም ሰው ይጻፍባት። ይህንንም ያኔውኑ፣ በመጀመሪያው ቀን ንገሪያት።

የቀሩ መምህራንን ክፍል መሸፈን ያልሽው ሌላው ትልቅ ጣጣ ነው። ሰው በመለመን አትዝለቂው። እምቢ ማለት የማይችሉት ሁለት ሦስት ደጎች ሁልጊዜ ይሸፍናሉ፤ ቀሪው ያመልጣል። ማን መቼ እንደሸፈነ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስታፍ ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ተራው በግልጽ ይዙር። የመጀመሪያው ስም ያንቺ ይሁን። እኔ እንዲህ ካደረግኩ በኋላ ጭቅጭቁ በግማሽ ቀነሰ።

ስታፍ ስትገቢ ወሬው መቆሙን በተመለከተ አልዋሽሽም። ሙሉ በሙሉ እንደድሮው አይመለስም። ግን መግባትሽን አትተዪ። ባዶ እጅሽን ግቢ፤ ወረቀት ይዘሽ፣ ሰው ልትጠሪ ብቻ አትግቢ። እዚያ የሰማሽውን ወሬ ደግሞ ቢሮ ይዘሽ አትሂጂ። ሁለት ሦስት ወር ከታዘቡሽ በኋላ ብዙዎቹ ይለምዱሻል።

ስልጠና የለኝም ብለሻል። ብዙ ሰው እንደዚህ ነው የሚገባበት። ዩኔስኮ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ዓለም አቀፍ የትምህርት ሪፖርት ያተኮረው በትምህርት አመራር ላይ ነው፤ መሪዎች መሰልጠንና መደገፍ እንዳለባቸው አጥብቆ ይናገራል። ስለዚህ ስልጠና ጠይቂ፤ መብትሽ ነው። እስከዚያው ግን ባዶ እጅሽን አይደለሽም። ኒውዚላንዳዊቷ ተመራማሪ ቪቪያን ሮቢንሰን ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመችው ጥናት፣ ከዚያ በፊት የተሠሩ 27 ጥናቶችን መርምራ ነበር። ለተማሪዎች ውጤት ከሁሉ በላይ የጠቀመው የአመራር ሥራ መሪው መምህራን በሚማሩበት ነገር ውስጥ አብሮ መግባቱ ነው። ማዘዙ ወይም መፍቀዱ ብቻውን አይደለም፤ ራሱም አብሮ ተቀምጦ መማሩ ነው። አንቺ ደግሞ ከቀመር ጋር ስትታገዪ የኖርሽ ሰው ነሽ። አንድ ወጣት መምህር ክፍልፋይ ማስተማር ሲከብደው አብረሽው ቁጭ ብለሽ ትምህርቱን ማዘጋጀት ትችያለሽ። ይህን ከምክትልነቱ ሥራ ትንሹ አድርገሽ አትዪው።

ለዚህም ጊዜ ያስፈልግሻል። ሃያው ክፍለ ጊዜ ከነቢሮው አይሆንም። በዚህ ላይ አትለሳለሺ። ነገ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ግቢና ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቂ። ተጠባባቂነቱ እስከ መቼ ነው? የትኛው ሥራ የእኔ፣ የትኛው የእርስዎ ነው? ስንት ክፍለ ጊዜ ይቀነስልኛል? የምደባ ደብዳቤ ሳይኖርሽ ብታጠፊ ተጠያቂ ነሽ፣ ብታለሚ ማንም አያውቅልሽም። ክፍለ ጊዜ ሲቀነስልሽ ግን ሁሉንም አትልቀቂ። አንድ ክፍል ያዢ። እኔ 7ኛ «ለ»ን ይዤ ነበር። ቢሮ ውስጥ ስቃጠል ውዬ እነሱ ጋ ስገባ ሥራዬ ምን እንደነበር ይመለስልኛል። ደግሞም ጠመኔ ሲጠፋ፣ ወንበር ሲሰበር፣ መጽሐፍ ለሦስት አንድ ሲደርስ ከማንም ቀድሜ የማውቀው በእነሱ ነበር።

ልተወው ወይስ ልቀጥል ላልሽው፣ ዛሬ አትወስኚ። እኔ 14 ወር ሠርቼ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። እኔን የተካችው ባልደረባዬ እዚያው ቀርታ ጥሩ ርዕሰ መምህርት ሆነች። ሁለታችንም አልተጸጸትንም። አንቺ ግን 20 ክፍለ ጊዜ ተሸክመሽ፣ ደብዳቤ ሳይኖርሽ፣ እንቅልፍ አጥተሽ የምትወስኚው ውሳኔ የድካም ውሳኔ ነው። መጀመሪያ ሸክሙ ይስተካከል፤ ከዚያ ሁለት ወር ሞክሪው።

ወር ሲሞላ መልሰሽ ጻፊልኝ። ስንት ክፍለ ጊዜ እንደተቀነሰልሽና ከጓደኛሽ ጋር የት እንደደረሳችሁ ማወቅ እፈልጋለሁ።