እርግቦቼ ወባ ያዛቸው እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ አራት ኪሎ ነው የምኖረው፣ ግቢዬ ውስጥ ከ20 በላይ እርግቦች አሉኝ። ልጄ ባዮሎጂ ይማራል፣ ባለፈው ከአንዷ ክንፍ ስር ጠብታ ደም ወስዶ ላብራቶሪ ውስጥ በማይክሮስኮፕ አይቶ "አባባ የወባ ዘመድ አለባት" ብሎኝ መጣ። እንዴ፣ አዲስ አበባ ወባ አለ? የልጅ ልጆቼ ከነሱ ጋር ነው የሚውሉት፣ ላስወግዳቸው? ደሞ ልጄ "የደም ጥገኛ" እያለ ገንዲውንም የከብቱን የመዥገር በሽታም አንድ ላይ ሲደረድርብኝ ግራ ገባኝ። (የእርግብ አባት)

መልስ፦ ጋሼ፣ እርግቦቹን እንዳይነኩብን! የላኩልኝን የስልክ ፎቶ አየሁት፣ ትንሽ ቢደበዝዝም ነገሩ ይታያል። የወፍ ቀይ የደም ሴል እንደኛ ክብ አይደለም፣ ሞላላ ነው፣ መሀሉ ላይ ደሞ ኒውክለስ፣ የሴሉ አስኳል ማለት ነው፣ አለው (የኛ የለውም)። እዛ ኒውክለስ ጎን ሰማያዊ መሳይ ነገር እንደ ግማሽ ጨረቃ ታጥፎ አቅፎታል፣ ላዩ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ተበትኗል። ይሄ ሄሞፕሮቲየስ ይባላል፣ እርግብ ላይ የታወቀው ዓይነት ሄሞፕሮቲየስ ኮሉምቤ ነው። ነጠብጣቡ ጥገኛው ደሙን ቀይ የሚያደርገውን ሄሞግሎቢን በልቶ የተረፈው ቆሻሻ ነው፣ የወባው ፕላዝሞዲየምም እንደዚሁ ያደርጋል፣ ስለዚ ልጅዎ ዘመድ ማለቱ ልክ ነው። ግን የወፍ ሄሞፕሮቲየስ ሰው አይዝም፣ ልጆቹ ይጫወቱ።

አሁን ወደ ድርደራው። አንድ ግቢ አራት ተከራይ ቢኖር የሚጋሩት ቧንቧና ሽንት ቤት ነው እንጂ አያት አይጋሩም አይደል? "የደም ጥገኛ" የሚለውም እንደዛ ነው፣ የት እንደሚኖሩ ነው የሚነግርዎት። ገንዲን የሚያመጣው ትሪፓኖሶማ ጅራት ያለው፣ ሴል ውስጥ ሳይገባ በሴሎቹ መሀል እየዋኘ የሚሄድ ነው፣ ከወባ ጋር ዝምድናው እጅግ የራቀ። አናፕላዝማ፣ ከብት ላይ በመዥገር የሚመጣው፣ ደሞ ጭራሽ ባክቴሪያ ነው፣ የከብት ቀይ ሴል ጠርዝ ላይ ጥቁር ነጥብ መስሎ ስለሚታይ ድሮ ከነዚህ ጋር ይቆጥሩት ነበር፣ ቴትራሳይክሊን የሚሰራለትም ባክቴሪያ ስለሆነ ነው፣ ገበሬው መድሀኒት ሲሳሳት ከብቱ የሚሞተው እንዲህ ባለው ስም መደባለቅ ጭምር ነው።

ባቤዥያና ታይለሪያ ግን፣ እነሱም ከብት ላይ በመዥገር የሚመጡት፣ እውነተኛ የወባ የሩቅ ዘመዶች ናቸው፣ አፒኮምፕሌክሳ የሚባለው ትልቁ ቤተሰብ ውስጥ አብረው ይመደባሉ። ያ ቡናማ ቆሻሻ ግን የላቸውም። ወፍ ላይ በደንብ የታወቁት ቅርብ ዘመዶች ሦስት ናቸው፣ ፕላዝሞዲየም፣ የርስዎ ሄሞፕሮቲየስ፣ እና ሉኮሳይቶዙን። ድሮ በላብራቶሪ ሰው የሚለያቸው እንዲህ ነበር፦ ቆሻሻ አለ፣ ደም ውስጥም ይራባል፣ ፕላዝሞዲየም ነው። ቆሻሻ አለ፣ ግን መራባቱን ውስጥ አካል ላይ ጨርሶ ደም ውስጥ የሚመጣው ለምታስተላልፈው ዝንብ የተዘጋጀው ወንዴና ሴቴው ብቻ ነው፣ ሄሞፕሮቲየስ። ቆሻሻ ከሌለ ሉኮሳይቶዙን። ዲኤንኤ ሲመጣ ግን ነገሩ ተበጣበጠ፣ በአይን አንድ የመሰሉት ሄሞፕሮቲየሶች ለሁለት ተከፈሉ፣ የእርግቡ ዘር በጠፍጣፋ ዝንብ፣ ሌሎቹ ብዙዎቹ ደሞ በጣም ትንንሽ በሆኑ ተናካሽ ዝንቦች የሚተላለፉ። እኔ በግሌ ስላይዱን መጀመሪያ ማየት አልተውም፣ ጊምሳ (የደም ማቅለሚያ) የነካው ስላይድ የሚናገረውን የዲኤንኤ ማሽን ሁሌ አይናገርም።

ይሄን የሄሞፕሮቲየስ ዘር ደሞ አይናቁት። እ.ኤ.አ. በ1880 ላቬራን የሚባል የፈረንሳይ ሀኪም አልጄሪያ ውስጥ በወባ በሽተኛ ደም ላይ እንደ ጅራፍ የሚወዛወዝ ነገር አየ፣ ምንነቱ ግን አልታወቀም። በ1897 ማካለም የሚባል ወጣት በቁራ ደም ውስጥ ያለ ሄሞፕሮቲየስ ሲመለከት ጅራፉ ተለይቶ ወደ ክቡ ሴቴ ሲገባ አየ፣ ለካ ጅራፉ የወንድ ዘር ነው! በ1906 ደሞ ሰርዣን የሚባሉ ተመራማሪ ወንድማማቾች እዛው አልጄሪያ የእርግቧን ጥገኛ የሚያስተላልፈው ጠፍጣፋ ዝንብ መሆኑን አሳዩ።

አዲስ አበባ ከፍታው 2,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ለሰው ወባ አይመችም፣ እዚህ የሚታየው በአብዛኛው ቆላ ሄዶ የተመለሰ ሰው ነው። የእርግቦቹን ጥገኛ የሚያስተላልፈው ዝንብ ግን በላባቸው ስር ስለሚኖር ከፍታው እንደ ወባ ትንኝ አያግደውም። አንዷን ያዙና ላባዋን ገለጥ ያድርጉ፣ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን የምትሽሎከለክ ቡናማ ጠፍጣፋ ዝንብ ካዩ ተገኘች። እሷ ሙሽሬዋን (ዝንብ ሆኖ የሚወጣውን ጥቅልል) ጎጆው ውስጥ ቆሻሻ መሀል ስለምትጥል በየሁለት ሳምንቱ ጎጆውን ይጥረጉና ቆሻሻውን ከግቢ ያውጡት፣ ሲጠርጉ አፍዎን ይሸፍኑ፣ የእርግብ ኩስ አቧራ ለሳንባ ሌላ ጣጣ አለው። ለበግ የሚረጭ የተባይ መድሀኒት ላባ ላይ እንዳያፈሱ፣ የእንስሳት ሀኪም ያማክሩ። ጎልማሳ እርግብ ብዙ ጊዜ ምንም ሳትሆን ነው የምትኖረው፣ የምትጎዳው ጫጩት ናት።

ለልጅዎ ይንገሩልኝ፣ በሚቀጥለው ስላይድ ቀይ ሴል ውስጥ ብዙ ሆኖ የተከፋፈለ ነገር ካየ ያ እውነተኛ የወፍ ወባ ነው፣ ፎቶውን ያምጣልኝ።