«አብሽር» የማን ቃል ነው?

ጥያቄ፦ ወሎ ያደጉት አያቴ ሲከፋኝ «አብሽር» ይሉኛል። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ የአራዳ ቃል ነው ይላሉ፤ ከግእዙ «አብሠረ» የመጣ ነው የሚልም ሰምቻለሁ። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ አያትዎ የሚሉት «አብሽር» ከዐረብኛ የመጣ ትእዛዝ አንቀጽ ነው። አራዳ ሳይሰማው በፊት ወሎ ሲጽናናበት የኖረ ቃል ስለሆነ፣ የከተማ ልጆች ፈጠራ ሲባል ስሰማ አዝናለሁ። ከግእዝ ነው የሚሉት ግን ያለ ምክንያት አልተሳሳቱም፤ የግእዙ ትእዛዝ «አብሥር፣ አብሥሪ፣ አብሥሩ»፣ የዐረብኛውም «አብሽር፣ አብሽሪ፣ አብሽሩ» ነውና።

እነዚህ ሰዎች ሠ በአንደበት ልማድ ሸ ሆነ ይላሉ። አልቀበለውም። «ሤመ» «ሾመ» እንደ ሆነው የኢ ወይም የኤ ድምፅ ካልገፋው በቀር፣ የግእዝ ሠ አማርኛ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ሸ አይሆንም፤ ዐረቡ «ዐሽር» የሚለውን እኛ እስከ ዛሬ «ዐሥር» እንላለን። «ምሥራች» ራሱ በ የተዋጠበት የ«ብሥራት» ዘመድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ቤተሰብ በእሳቱ ሰ የሚጽፍ ሰው በንጉሡ ሠ የሚታየውን ዝምድና ይቆርጠዋል።

ክርክሩን የሚዘጋው ፍቺው ነው። ግእዙ «አብሥር» ሲል የምሥራች ንገር ማለቱ ነው፤ ዐረብኛው «አብሽር» ግን የምሥራች ተቀበል፣ ደስ ይበልህ ነው፤ ንገር ለማለት ዐረቡ ሽን አጥብቆ «በሽር» ይላል። አያትዎ ሄደህ አብሥር አላሉዎትም። በቁርኣን ምዕራፍ 41፣ አንቀጽ 30 መላእክቱ አትፍሩ፣ አትዘኑም ካሉ በኋላ «አብሽሩ» ይላሉ። አንዲት የወሎ እናት ለቅሶ ቤት ገብታ፣ የሐዘንተኛዋን ጉልበት ይዛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አብሽሪ» ስትል የምሰማው ይህንኑ ነው። የሴቷና የብዙው መድረሻ ከአማርኛው ትእዛዝ መድረሻ ጋር ስለ ገጠመ፣ ቃሉ እንግድነቱ ሳይታወቅ ከክርስቲያኑም አፍ ገባ።

ዛሬ «መጽሐፌን ነገ አምጣልኝ» ለሚል ሰው «አብሽር» ብሎ መመለስ ተለምዷል። ይህ ጆሮዬን ይጎረብጠዋል፤ የማጽናኛ ቃል ለተራ እሺታ ሲውል ይቀልላል ብዬ ብዙ ተከራክሬያለሁ። ሆኖም ሳዑዲም አንድ ነገር ለለመነ ሰው «አብሽር» ሲባል ጥያቄህ ይፈጸማል ማለት ነው፤ የመንግሥቱ የኢንተርኔት አገልግሎት እንኳ በዚሁ ቃል ተሰይሟል። ስለዚህ የጓደኞችዎን አነጋገር ስሕተት ለማለት ማስረጃ የለኝም። እኔ ግን ለእሺታ «እሺ» ይበቃኛል፤ «አብሽር» የምለው ለከፋው ሰው ብቻ ነው።