የእጅጌ ልክ፦ ሜትሩ ከየት ይነሣ?

ለዚህ እትም የመረጥናቸው የአንባቢዎች ጥያቄዎች ሁሉም ስለ እጅጌ ናቸው። ልብስ ሲሰፋ ብዙ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ ዓይን ያረፈበት ቦታ ላይ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ክንዴን ስለካ 60 ሳ.ሜ. ይመጣል። በጣም የሚስማማኝ ሸሚዝ ላይ ግን የእጅጌው ልክ 84 ሳ.ሜ. ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ሸሚዝ በ60 ባሰፋ ደግሞ ክርኔን ባጠፍኩ ቁጥር ወደ ላይ ይሸሻል። የትኛውን ቁጥር ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ የሚለያዩት በመነሻቸው ነው። ብዙ የፋብሪካ ሸሚዞች የሚለኩት ከአንገት ጀርባ መካከል፣ ማለትም ሲያቀረቅሩ ጎላ ብላ ከምትወጣው አጥንት ጀምሮ፣ በትከሻ ላይ አልፎ እስከ እጅ አንጓ ነው። የእርስዎ 60 የተነሣው ከትከሻ ጫፍ ነው። በመካከሉ ያለው 24 ሳ.ሜ. ከአንገት ጀርባ እስከ ትከሻ ጫፍ ያለው ርቀት ነው። ስለዚህ ለልብስ ሰፊ ቁጥር ሲሰጡ ሜትሩ ከየት እንደተነሣ አብረው ይንገሩ።

በ60 ያሰፉት የሸሸው ምናልባት ክንድዎ ቀጥ ብሎ ስለተለካ ነው። ክርን ሲታጠፍ በውጭ በኩል ያለው መንገድ ይረዝማል፤ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከ1.5 እስከ 2.5 ሳ.ሜ. ነው። ልብሱ ያንን ካላገኘ ከአንጓው ላይ ይወስዳል።

ራስን በራስ መለካት አያዋጣም፤ ሜትሩን ለመያዝ ሲሞክሩ ትከሻዎ ይነሣል። ሰው ይለካዎት። መጀመሪያ ክንድዎን ወደ ጎን፣ እስከ ትከሻዎ ቁመት ያንሡ። ትከሻው ጫፍ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ይፈጠራል። የሚለካዎት ሰው ጣቱን እዚያ ላይ አሳርፎ ክንድዎን ያውርዱ፤ ነጥቧንም በጠመኔ ምልክት ያድርግባት። ከዚያ እጅዎን ሱሪ ኪስ ውስጥ ያስገቡ ያህል ክርንዎን በትንሹ አጥፈው ይቁሙ። ሜትሩ ከነጥቧ ተነሥቶ በክንዱ ውጭ በኩል ይውረድ፣ የክርኑን ጫፍ ይንካ፣ በትንሿ ጣት በኩል ጎልታ በምትታየው የአንጓ አጥንት ላይ ይቁም። ክርኑ ላይ ሲደርስ ያለውንም ቁጥር ይጻፉት። ጠባብ እጅጌ ለክርን የሚሰጠው ስፋት ከቦታው 2 ወይም 3 ሳ.ሜ. ከወረደ፣ ክርኑ ላይ ይጨንቃል፣ ከሥሩ ደግሞ ይነፋል።

ኮት አንጓ አጥንቷ ላይ ቢያበቃ ያምራል። ሸሚዝ ግን ከዚያ ወረድ ብሎ የአውራ ጣት ሥር እስከሚጀምርበት ይድረስ፤ ከኮት ሥር ከ1 እስከ 1.5 ሳ.ሜ. ብቅ የሚለው ያኔ ነው።

ሦስት ነገሮች እንዳይረሱ። የልብሱ የትከሻ ስፌት ከትከሻ ጫፍ 3 ሳ.ሜ. ወደ ክንድ የሚወርድ ከሆነ የእጅጌው ቁመት 60 ሳይሆን 57 ነው። ሁለቱንም ክንዶች ይለኩ፤ የግማሽ ወይም የ1 ሳንቲሜትር ልዩነት በብዙ ሰው ላይ ያለ ነው፣ አንዱ ትከሻ ዝቅ ብሎ ከሆነም ክንዱ ሳይረዝም የረዘመ ይመስላል። ሜትሩ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ከብረት ማስመሪያ ጋር ያስተያዩት፤ የጨርቅና የፕላስቲክ ሜትር በአገልግሎት ብዛት ይለጠጣል።

ጥያቄ፦ እጄን ወደ ላይ ሳነሣ ቀሚሴ በሙሉ ተከትሎ ይነሣል። ብብቱ ጠቦ ነው ብዬ ዝቅ አስደርጌ አስቆረጥኩት፤ ባሰበት እንጂ አልተሻለም። ምን ጎደለው?

መልስ፦ ይህ ስሕተት በጣም የተለመደ ነው፤ ነገሩም መጀመሪያ ሲሰሙት የተገላቢጦሽ ይመስላል። ክንድ የሚዞረው ትከሻ ላይ ነው። የእጅጌውና የጎኑ ስፌት የሚገናኙበት ቦታ ለብብት በቀረበ መጠን ክንዱ ሲነሣ ልብሱን የሚጎትተው ጥቂት ነው። ዝቅ ብሎ በተቆረጠ ቁጥር እጅጌው ከወገብ ጋር የታሰረ ያህል ይሆናል፤ በዚያ ላይ ከብብት እስከ አንጓ ያለው የሥር ስፌት ያጥራል። ክንድ ሲነሣ ደግሞ መርዘም የነበረበት እሱ ነው።

ለተራ ሸሚዝና ለቀሚስ የብብቱ ቅድ ከሰውነት 2 ወይም 3 ሳ.ሜ. ዝቅ ቢል ይበቃዋል። ከላይ የሚደረብ ኮት 4 ሳ.ሜ. ገደማ ይፈልጋል። ለመለካት ማስመሪያ ብብት ሥር አግድም ይያዙ፤ ሳይጫኑት፣ ክንድዎን አውርደው።

ቅዱ ልክ ሆኖም እጅ አልነሣ ካለ ቀጥሎ የሚታየው የእጅጌው አናት ነው፤ ከትከሻ ጋር የሚሰፋውን ጉልላት መሰል ክፍል ማለታችን ነው። አናቱ ረጅም ሲሆን እጅጌው ጠበብ ብሎ፣ ሳይጨማደድ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ክንድ ማንሣት ግን ያስቸግራል። አጭር ሲሆን እጅጌው ይሰፋል፣ እንቅስቃሴው ነጻ ይሆናል፤ ክንድ ሲወርድ ደግሞ ብብት አካባቢ ይጨማደዳል። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም፤ ከመቁረጥ በፊት መምረጥ ነው። ለሥራ ሸሚዝ ከ9 እስከ 12 ሳ.ሜ. ቁመት ያለው አናት ይስማማል፤ ለኮት ከ14 እስከ 17 የተለመደ ነው።

አናቱ ከብብቱ ዙሪያ ጋር መስማማቱን የሚያረጋግጡት ሜትሩን በጠርዙ አቁመው፣ የጨርቁን ጫፍ ሳይሆን ስፌቱ የሚያልፍበትን መስመር ተከትለው ሲለኩ ነው። የብብቱ ዙሪያ 46 ሳ.ሜ. ከሆነ የሸሚዝ እጅጌ አናት የስፌት መስመር 46 ወይም 47፣ የኮት ከ48 እስከ 50 ይሁን። ትርፉ በእንፋሎትና በተኩስ ተሰብስቦ የትከሻውን ክብ ቅርጽ ይሠራል። እንፋሎት የማይቀበል ድርቅ ያለ ጨርቅ ላይ ይህን ያህል ትርፍ ከተሰጠ ግን ሽብሽብ ሆኖ ይቀራል።

አስቀድሞ የተቆረጠው ብብት አይመለስም። የሚቻለው ከዚያው ጨርቅ በየጎኑ 8 ሳ.ሜ. የሆነ አራት ማዕዘን ቁራጭ ብብቱ ሥር ማስገባት ነው፤ አንዱ ማዕዘን ወደ እጅጌው፣ ተቃራኒው ወደ ጎን ስፌቱ ይዙር። እጅ ሲወርድ ብዙም አይታይም፣ እጅ ሲነሣ የጎደለውን ርዝመት ይሰጣል።

ጥያቄ፦ የክንዴ ዙሪያ 31 ሳ.ሜ. ነው። እጅጌው ስንት ቢሰፋ ይሻላል?

መልስ፦ በቅድሚያ 31 የተገኘው ክንድዎ ላላ ብሎ ከሆነ ክርንዎን አጥፈው ጡንቻው ሲነሣ እንደገና ይለኩት፤ ትልቁን ቁጥር ይያዙ። 31 ትልቁ ከሆነ ለማይለጠጥ ጨርቅ ሸሚዝ ከ36 እስከ 38፣ ለኮት ከ39 እስከ 41 ያድርጉት። የሚለጠጥ ሹራብ መሰል ጨርቅ በ31ም፣ ትንሽ ቢያንስም ይለበሳል።

ጫፉ ላይ ሰው ይሳሳታል። በቁልፍ የሚከፈት ከሆነ የአንጓ ዙሪያ ላይ 4 ወይም 5 ሳ.ሜ. መጨመር ይበቃል፤ 17 የነበረው 21 ወይም 22 ይሆናል። ምንም መክፈቻ የሌለው ከሆነ ግን የሚለካው አንጓው ሳይሆን እጁ ነው፦ አውራ ጣትዎን ወደ መዳፍ አጥፈው በአይበሉባ በኩል ሰፊውን ቦታ ዙሪያውን ይለኩ፣ 1 ወይም 2 ሳ.ሜ. ይጨምሩ። አንጓን ብቻ ለክቶ የተሰፋ ጠባብ እጅጌ እጅ አያሳልፍም።

ጥያቄ፦ የኮቴ እጅጌ ርዝመቱም ስፋቱም ልክ ነው፤ ግን የተጠመዘዘ ይመስላል። ከትከሻ ወደ ክርን ሰያፍ መጨማደድ ይታይበታል፣ ጫፉ ላይ የፊቱ በኩል አንጓዬን ይነካል፣ ከኋላ ክፍት ነው።

መልስ፦ ክንድዎ በተፈጥሮው ወደ ፊት አዘንብሎ ይወርዳል፣ እጅጌው የተገጠመው ግን ቀጥ ብሎ ለሚወርድ ክንድ ነው። ልክ ስለሆነ አይጥበብ፣ አይስፋ። ከእጅጌው አናት ላይ ያለውን ስፌት ፈትተው፣ ኮቱን ለብሰው፣ ክንድዎን እንደ ልማድዎ ይልቀቁት። ረዳትዎ አናቱን ወደ ኋላ በጥቂቱ ሲያዞረው ጫፉ ወደ ፊት ይመጣል፤ መጨማደዱ ሲጠፋ በስፒል ይያዘው። ብዙ ጊዜ ከ0.5 እስከ 1 ሳ.ሜ. ይበቃል። ከመኪና በፊት በሰፋፊ የእጅ ስፌት ለጊዜው ይያዝና አንዴ ተለብሶ ይታይ። የእጅጌው የሥር ስፌት ከጎን ስፌቱ ጋር ባይገጥም አያሳስብም።

መጨማደዱ ሰያፍ ሳይሆን አግድም ሆኖ ክንዱን ዙሪያውን ካሰረው ችግሩ ጥበት ነው። ከትከሻ ስፌቱ ሥር አግድም የተደራረበ እጥፋት ከሆነ አናቱ ረዝሟል። ሦስቱ የተለያየ መፍትሔ ስላላቸው መጀመሪያ የመስመሩን አቅጣጫ ይዩ።

ጥያቄ፦ የተገዛ ልብስ እጅጌ ቢረዝም ከየት ይጠር?

መልስ፦ ሸሚዝ ከሆነ ጫፍ ላይ በቁልፍ የሚያዘው ድርብ ጨርቅ ተፈትቶ፣ እጅጌው ተቆርጦ ይመለሳል። እጅጌ ወደ ላይ እየሰፋ ስለሚሄድ ትርፉ በነበሩት እጥፋቶች ውስጥ ይገባል። ከ3 ሳ.ሜ. በላይ ግን አይመከርም፤ መክፈቻው አብሮ ያጥራል። ኮት ሆኖ ቁልፎቹ ለይምሰል የተሰፉ ከሆኑ ከጫፍ ማሳጠር ቀላል ነው። ቀዳዳቸው በእርግጥ የሚከፈት ከሆነ ከትከሻ በኩል ነው የሚጠረው፤ እጅጌው ወጥቶ አናቱ እንደ አዲስ ይቀረጻል። ይህን የሚሠራው እጅጌ መግጠም የለመደ ሰፊ ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ ልክ የነበረ የጥጥ ሸሚዝ ታጥቦ እጅጌው አጠረ። አስቀድሞ እንዴት መከላከል ይቻላል?

መልስ፦ ጨርቁ ሳይቆረጥ በፊት 50 በ50 ሳ.ሜ. ቁራጭ ወስደው ሸሚዙን በሚያጥቡበት ውኃና ሙቀት ያጥቡት፣ ሲደርቅ ይተኩሱትና ይለኩ። በቁመቱ 48.5 ከሆነ 3 በመቶ ተሰብስቧል፤ በ60 ሳ.ሜ. እጅጌ ላይ 1.8 ሳ.ሜ. ይጎድላል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ቁጥር ጨምሮ ከመቁረጥ ጨርቁን በሙሉ አጥቦ፣ አድርቆና ተኩሶ በ60 መቁረጥ ይሻላል፤ አናቱና ብብቱም አብረው ስለሚሰበሰቡ።