የዶሮ መግል ለምን አይፈስም?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የአንዲት ዶሮዬ እግር ከሥሩ አብጧል። እንደ ላም እብጠት ይፈርጣል ብዬ ብጠብቅ እንቢ አለ፣ ሲነኩት ድንጋይ ነው። ገላዋም በጣም ይሞቃል። ጫጩቶቼም የፈንግል ክትባት ወስደው በፈንግል አለቁብኝ።»

ጋሼ፣ በሙቀቱ አይጨነቁ። ጤነኛ ዶሮ ከ41 ዲግሪ በላይ ነች፣ ላም ግን 38 ተኩል ገደማ። በእጅ ዳስሶ ትኩሳት አላት ማለት አይቻልም።

የሚጠብቁት መግልም አይመጣም። ላም ስትቆስል የሚዘምቱት ነጭ የደም ሕዋሳት ኒውትሮፊል ይባላሉ፤ የሞተውን ሥጋ የሚያሟሟ ኢንዛይም ስላላቸው መግሉ ቀጥኖ ይፈሳል። የዶሮዋ ተመሳሳይ ሕዋሳት፣ ሄትሮፊሎች የሚባሉትም፣ ጀርም ይውጣሉ፣ ይገድላሉ፣ ግን ከኢንዛይሞቹ ዋና ዋናዎቹ ይጎድሏቸዋል። ስለዚህ መግሉ እንደ አይብ ጠጥሮ እዚያው ይቀራል። መርፌ ብቻውን ብዙ አይረዳም፣ መድኃኒቱ ወደ ጠጠረው ነገር እምብዛም አይገባምና። ሐኪም ከፍቶ ያውጣላት፤ እርስዎ ግን ምላጭ እንዳያነሱ! ቆጡ ሸካራ ወይም ጉዝጓዙ እርጥብ ከሆነ ያስተካክሉት፣ አለዚያ ነገ ሌላዋ ታብጣለች። መድኃኒት ከታዘዘላትም ሐኪሙ እስከሚፈቅድ እንቁላሏ አይበላ።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የጫጩቶቹ ነገር ነው። ክትባቱ ፀሐይ መትቶት ወይም ክሎሪን ባለው ውሃ ተበጥብጦ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ የተለመደ ነው። ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ጉምቦሮ የሚባለው የጫጩቶች የቫይረስ በሽታ ነው። ላም አንቲቦዲ (በሽታ የሚከላከል የደም ፕሮቲን) የሚሠሩትን ሕዋሳት የምታሳድገው በመቅኒዋና በአንጀቷ ግድግዳ ውስጥ ነው፤ ዶሮ ግን ከፊንጢጣዋ በላይ ባለች ትንሽ ከረጢት ውስጥ ታሳድጋቸዋለች፣ ቡርሳ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1956 ተመራማሪው ብሩስ ግሊክና ባልደረቦቹ ቡርሳቸው የወጣ ዶሮዎች አንቲቦዲ መሥራት እንዳቃታቸው ጽፈዋል። ጉምቦሮ የሚያጠፋው እሷኑ ነው፣ ያውም በብዛት ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ዕድሜ። ቡርሳዋ የተጎዳች ጫጩት የፈንግል ክትባት ብትወስድም በቂ አንቲቦዲ አትሠራም።

ታዲያ ጉምቦሮን ቶሎ መከተብ ነዋ ይሉኝ ይሆናል። እዚህም ከጥጃ ጋር ልዩነት አለ። ጥጃ ያለ አንቲቦዲ ይወለድና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከእንገር ያገኛል። ጫጩት ግን ገና ሳትፈለፈል ከአስኳሉ ትወስዳለች፣ ለ2 ወይም 3 ሳምንት ያህል ይዟት ይቆያል። እናቲቱ በደንብ ከተከተበች ያ የእናት አንቲቦዲ ቶሎ የተሰጠውን የጉምቦሮ ክትባት ያከሽፈዋል፣ ከዘገየ ደግሞ በሽታው ይቀድማል። ስለዚህ ጫጩት ሲገዙ እናቶቹ ምን እንደተከተቡ ይጠይቁና ለሐኪሙ ይንገሩት፣ ቀኑን እሱ ያስላልዎ። አሁን ግን አዲስ ጫጩት ከማስገባትዎ በፊት፣ የሞተ ካለ ቶሎ በላስቲክ ጠቅልለው፣ ፀሐይ ሳያገኘው፣ ላቦራቶሪ ያድርሱት፤ ቡርሳዋን ከፍተው ይዩልዎ።