እንሽላሊት ፍለጋ፦ ችግሩ ሰዓቱ ነው

«ሦስት ጊዜ ገና ጎህ ሲቀድ ኮረብታው ላይ ወጥቼ አንድም እንሽላሊት አላየሁም» ላልከው፦ ወንድሜ፣ በጣም ማልደሃል። እንሽላሊት ሰውነቱን የሚያሞቀው በፀሐይ ነው። ድንጋዩ ሳይሞቅ ከስንጥቁ አይወጣም። ፀሐይ ከወጣች ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ሂድ። ጠዋት ቶሎ የሚሞቀው ወደ ምሥራቅ የዞረው ተዳፋት ስለሆነ ከዚያ ጀምር።

ቀስ ብለህ ተራመድ። ጥላህ ድንጋዩ ላይ ካረፈ አለቀ፣ እልም ይላል! ያኔ አታሳደው። ዝም ብለህ ቁጭ በል፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ አፍንጫው፣ ከዚያ አንድ ዓይኑ ብቅ ይላል። እኔማ ከማየቴ በፊት ደረቅ ቅጠል ኮሽ ሲል ነው የምሰማው።

ስንጥቅ ውስጥ እጅህን እንዳትከት፤ እባብም እዚያ ሊኖር ይችላል። ያነሳኸውን ድንጋይ እንደነበረ መልሰው። ጅራቱን ደግሞ አትያዝ፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች ቆርጠውልህ ነው የሚሄዱት።