ከስም ኋላ የማይነበብ ፊደል ለሚያትምብህ ልጅ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። በሲ (C) ቋንቋ የጻፍከው ፕሮግራም የደንበኛ ስም ደረሰኝ ላይ ሲያትም ከኋላው የማይነበብ ነገር ይለጥፋል፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ስትሞክረው ደግሞ ሰላም ነው። ፎንቱንም ፕሪንተሩንም ተዋቸው። እዚህ ጅማ ለቡና ተረካቢዎች የሚዛን ደረሰኝ ስንሠራ ይኸው ነገር ነው ያንገላታን።

1. ጽሑፍ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚቀዳውን ፈንክሽን፣ ስትርኤንኮፒን (strncpy)፣ ከኮድህ አውጣው። ብዙ ሰው የቦታውን ልክ ከማያየው ከስትርኮፒ (strcpy) ይሻላል ብሎ ያምነዋል። የምትቀዳው ጽሑፍ ቦታውን ከሞላው ግን መጨረሻ ላይ ዜሮ፣ ማለትም የጽሑፉን ማብቂያ ምልክት፣ አያስቀምጥም። ዜሮው ከሌለ ደግሞ አታሚው ፈንክሽን የት እንደሚቆም አያውቅም።

2. ፊደል ሳይሆን ባይት ቁጠር። ፊደልን በባይት በምንጽፍበት ስልት፣ በዩቲኤፍ-8፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። እኛ የተረከብነው ኮድ ለስም 20 ባይት ነበር የመደበው። አበበ 9 ነው፣ ይገባል። አብዱረህማን ግን 21 ነው! ስድስቱ ፊደላት ገቡ፣ ከ«ን» ሁለት ባይት ገባ፣ አንዱ ውጭ ቀረ፣ ዜሮም የለም። ስለዚህ ህትመቱ ቀጥሎ ወዳለው የኪሎ ፊልድ (የክብደቱ ቁጥር የሚቀመጥበት ቦታ) ዘልቆ ያገኘውን ለቀመ። ገበሬው ቡናውን አስመዝኖ ስሙ የተበላሸ ወረቀት ሲሰጠው አስበው፣ ያ ወረቀት እኮ ገንዘቡ ነው። ይህን ይዘን ኮዱን ያስጻፈው ቢሮ ሄድን። ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «ስሙን በእንግሊዝኛ አስገቡት» አለን። እስካሁን ያናድደኛል። የሰው ስም በገዛ ፊደሉ ይጻፍ ማለት ቅንጦት ነው እንዴ? በላቲን 10 ባይት ስለሚሆን ስህተቱ ተደበቀ እንጂ አልጠፋም፤ ረጅም ስም ሲመጣ እዚያው ይጠብቅሃል።

ትተን ወጣንና ራሳችን አስተካከልነው። ስትርኤንኮፒን በኤስኤንፕሪንትኤፍ (snprintf) ቀየርነው። እሱ ሁልጊዜ ዜሮውን ያስቀምጣል፣ የሚያስፈልገውንም ርዝመት ይመልስልሃል። የመለሰው ቁጥር ከቦታህ ጋር እኩል ወይም በላይ ከሆነ ጽሑፉ ተቆርጧል ማለት ነው፣ ዝም ብለህ እንዳታልፈው። ስትርኤልኮፒም (strlcpy) ይሆናል፤ ኦፕንቢኤስዲ በሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ድሮ ነበር፣ ሊኑክስ ላይ በተለመደው የሲ ላይብረሪ በጂሊብሲ (glibc) ውስጥ ግን የገባው በ2.38 እትሙ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2023።

መቁረጥ ግድ ከሆነ ፊደል መሃል እንዳትቆርጥ። የምትቆርጥበት ባይት ዋጋ ከ128 እስከ 191 ከሆነ መሃል ላይ ነህ። ከዚያ ክልል እስክትወጣ ወደኋላ ተመለስና እዚያ ዜሮ አድርግ። አብዱረህማን ያኔ «አብዱረህማ» ይሆናል። ያስቀይማል፣ ግን ንጹህ ነው። እኛስ ቦታውን ወደ 96 አሳደግነውና አሁን የአባት ስም ጨምሮ ሙሉውን ያትማል። በዚህ ኮርቻለሁ!

መጠንን በባይት የሚነግርህ ሳይዝኦፍ (sizeof) ላይ ተጠንቀቅ። አሬይህን (ጽሑፉ የተቀመጠበትን ተከታታይ ቦታ) ወደ ፈንክሽን ከላክኸው ውስጥ ሆኖ የሚነግርህ የፖይንተሩን፣ ማለትም የአድራሻውን፣ መጠን ነው፤ ርዝመቱን ለብቻ ላክ።

የሜሞሪ ስህተት የሚጠቁመውን አድረስ ሳኒታይዘርም አብራ፤ ግን በሱ ብቻ አትተማመን። በአንድ ስትራክት (አብረው የተደራጁ ፊልዶች) ውስጥ ከስም ወደ ኪሎ ሲያልፍ አይናገርም፣ የኛንም አልያዘውም። ስትራክትህን እዚህ ለጥፈው፣ ማታ አየዋለሁ።